ማሽኑ ሱቅ ውስጥ አለ፤ ትምህርቱስ?

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሜ አንድ ልጅ ባሕር ዛፍ ሲጥል አየሁ። ዕድሜው ከ20 ብዙ አይርቅም። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ አናቱ ላይ የአርሰናል ኮፍያ። የሞተር መጋዙን በግራ እጁ አየር ላይ አንጠልጥሎ በቀኙ ገመዱን ሳበና አስነሳው። ከዚያ ግንዱን ከአንድ በኩል ብቻ ገባበት። ዛፉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ረዳቱ «ሩጥ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም በተለያየ አቅጣጫ ሮጡ፤ ዛፉ ሄዶ የጎረቤት አጥር ላይ ተኛ። ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ።

ጠጋ ብዬ «ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ማንም። ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው።»

«ማሽኑስ ያንተ ነው?»

«የሰው ነው። በቀን ነው የምከራየው።»

ቤት ገብቼ ሳስበው ሳቁ ጠፋብኝ። ያ ዛፍ አጥር ላይ የወደቀው በዕድል ነው። ረዳቱ ላይም ሊወድቅ ይችል ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አመል ሆኖብኝ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። ይህ ልጅ ማሽኑን ለማግኘት የፈጀበት ጊዜ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። እጁን ይዞ አጠቃቀሙን የሚያሳየው ሰው ለማግኘትስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ባሌ ውስጥ የሞተር መጋዝ፣ ሁላችንም «ቼንሶ» የምንለው ማሽን፣ ገበያ አለው። ችሎታው ግን ገበያ የለውም። አደጋው የሚመጣው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ባለው ክፍተት ነው።

ሥራው እውነተኛ ነው

«አትንኩት፣ አደገኛ ነው» ማለት ቀላል ነው። ግን አይሠራም። በባሌ ደጋ ባሕር ዛፍ ለገበሬው እንደ ቁጠባ ደብተር ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ሠርግ ሲመጣ፣ ቤት ሲፈርስ ከጓሮው ይቆረጣል። ሮቤና ጎባ ደግሞ ሁሌም ግንባታ ላይ ናቸው፤ ማገር፣ ወራጅ፣ ጣውላ፣ ማገዶ የማይፈልግ የለም። ሁለት ሰው በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ቀኑን ሙሉ የሚታገለውን ቼንሶ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ማሽኑ መጥቷል፣ አይመለስም። ጥያቄው ማን በምን እውቀት ይይዘዋል የሚለው ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንለይ። የማወራው የራስን ወይም ባለቤቱ የፈቀደውን የተተከለ ዛፍ ስለመቁረጥ ነው። የሐረና ደን ሌላ ጉዳይ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከፓርኩ ውጭ ያለ የመንግሥት የተፈጥሮ ደንም ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ይህ ከሕግ ባሻገር የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ተደብቆ የሚቆርጥ ሰው ይቸኩላል፣ በጨለማ ይሠራል፣ ሲጎዳም ሆስፒታል ለመሄድ ይፈራል።

ዩቲዩብ የማያሳያችሁ

ቪዲዮ ማየት ክፉ አይደለም። ችግሩ ቪዲዮ ክብደት የለውም፣ አይንቀጠቀጥም፣ መልሶም አይመታም። ማሽኑ ግን ይመታል።

የመጀመሪያው ምት ፈረንጆቹ «ኪክባክ» የሚሉት ነው። እኛ «እርግጫ» ብንለው ያምርበታል፤ በፈረስ ሀገር ርግጫ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የማሽኑ ረጅም ብረት (ባሩ) ጫፍ ላይ፣ በላይኛው ግማሽ በኩል፣ እየሮጠ ያለው ሰንሰለት ቅርንጫፍ ወይም ሌላ ግንድ ከነካ ባሩ በአንድ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወነጨፋል። አቅጣጫው አንገትና ፊት ነው። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጠው ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ ይሮጣል። ይህ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ያለው ጊዜ ለማምለጥ አይበቃም።

ለዚህ ነው ማሽኑ ላይ ፊት ለፊት የእጅ መከለያ የሚመስለው ነገር የተሠራው። እሱ ጌጥ አይደለም፣ የሰንሰለት ፍሬን ነው። በእርግጫ ጊዜ የግራ እጃችሁ ሲገፋው ወይም ማሽኑ ራሱ በምቱ ኃይል ሲነቃ ሰንሰለቱን ያቆመዋል። ግን የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው። የታወቀ ብራንድ ስም የተለጠፈባቸው ርካሽ ኮፒዎች ላይ ፍሬኑ በትክክል ላይዝ ይችላል። ከመግዛታችሁ ወይም ከመከራየታችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ አስነስታችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛው የባሕር ዛፍ ጠባይ ነው። ባሕር ዛፍ በውስጡ ተወጥሮ የሚያድግ እንጨት ነው። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለውን ዛፍ በተቃራኒው በኩል ብቻ ብትቆርጡት ግንዱ ቆሞ ሳለ ከታች ወደ ላይ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀው ግማሽ ወደ ቆራጩ ደረትና አገጭ ይወረወራል። ያ የመንገድ ዳር ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያ ዛፉ እንዲወድቅ በምትፈልጉበት በኩል የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ታወጣላችሁ፤ ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ነው። ቀጥሎ በተቃራኒው በኩል ትንሽ ከፍ ብላችሁ ትቆርጣላችሁ። ግን እስከ መጨረሻው አይደለም! በመሀል የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት ይቀራል። ግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ ቀሪ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን እየመራ ያወርደዋል። ማጠፊያው ከተቆረጠ ዛፉ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ወደ አንድ ጎን በጣም ያዘነበለ ዛፍ ደግሞ ይህ ብቻ አይበቃውም፤ የራሱ አቆራረጥ ስላለው ለጀማሪ አይደለም።

ሦስተኛው ተሰቅሎ የቀረ ዛፍ ነው። ሲወድቅ ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ይቀራል። ጀማሪ የሚያደርገው ከሥሩ ገብቶ ደጋፊውን ዛፍ መቁረጥ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የሁለት ዛፍ ክብደት ራሱ ላይ እየጠራ ነው።

ቀስ ብሎ የሚመጣም ጉዳት አለ። የማሽኑ ድምፅ ጆሮ ላይ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል፤ ያለ መሸፈኛ በየቀኑ የሚሠራ ሰው መስማቱን እያጣ መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ንዝረቱ ደግሞ የጣት ደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጎዳል፤ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ነጭ ይሆናሉ። ብርድ ያብሰዋል። የጎባን ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ስለ ደጋና ቆላ አንድ ነገር ልጨምር። ሮቤና ጎባ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ያጨሳል። መካኒኩ ነዳጁን ይቀንስለታል። ከዚያ ያው ማሽን ሰነቴን ተሻግሮ ዶሎ መና ሲወርድ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግልና ፒስተኑ ይነክሳል። ብድሬ፣ ዶሎ መና፣ ጎባ እያለ የሚዞር ቆራጭ ይህን ካላወቀ የተከራየውን ማሽን ከኪሱ ይከፍላል።

ሒሳቡ ማን ላይ ነው?

በአንድ ቼንሶ ዙሪያ አራት ሰው አለ። ማሽኑን የሸጠው፣ ገዝቶ የሚያከራየው፣ ዛፉን የሚያስቆርጠው እና ቆራጩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትርፋቸውን ይወስዳሉ። እግር ሲቆረጥ ግን የሚከፍለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አራተኛው። ክፍያው ደግሞ በሰዓት አይደለም፣ በዛፍ ቁጥር ወይም በጭነት ነው። ስለዚህ ቆም ብሎ ሰንሰለት መሞረድ፣ መሸሻ መንገድ መጥረግ፣ ነዳጅ ሲሞሉ ሞተር ማጥፋት ሁሉ «ገንዘብ ማባከን» ይመስላል። ልጁ ሰነፍ ወይም ሞኝ ሆኖ አይደለም። የሚከፈልበት መንገድ «ፍጠን» እያለው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅና የማሠልጠን፣ የመከላከያ ልብስና መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ወጣቶችንም በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ቀዳዳ አለው፤ አዋጁ በራሱ የሥራ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ማሽን ተከራይቶ «ይህን 40 ዛፍ በዚህ ብር እጥላለሁ» ብሎ የተዋዋለ ልጅ በሕግ ዓይን ሠራተኛ ሳይሆን ነጋዴ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ካሳ ሲጠይቅ «አንተ ተቋራጭ ነህ» ይባላል።

ስለዚህ ሥራ ስትይዙ አነጋገራችሁ ራሱ ለውጥ ያመጣል። ተቀጥራችሁ ከሆነ፣ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን፣ በጽሑፍ ይሁን። በራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የሄልሜት፣ የጓንት፣ የሥልጠና ወጪ ዋጋችሁ ውስጥ ይግባ። ባጃጅ ነጂ የጎማ ወጪውን ከታሪፉ ውስጥ ያሰላል አይደል? የእናንተ ጎማ እግራችሁ ነው።

በእጅ የሚያለማምድ የት ይገኛል?

ስዊድን ውስጥ በሥራው ላይ ቼንሶ የሚይዝ ሰው ሠልጥኖ ማረጋገጫ መያዝ አለበት፤ ሰዉ በቀልድ «የመጋዝ መንጃ ፈቃድ» ይለዋል። እኛ ጋ ባጃጅ ለመንዳት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለቼንሶ ግን ሱቁ የሚጠይቀው ብር ብቻ ነው። ሮቤ ላይ «የቼንሶ ትምህርት ቤት» የሚል ታፔላ አላየሁም። ግን እውቀቱ ያላቸው ሰዎችና ተቋማት አሉ፤ ሄዶ የሚያንኳኳ ነው የጎደለው።

አንደኛ፣ የኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ባሌም ቅርንጫፍ አለው። የተተከለ ደን እያለማ የሚሸጥ ድርጅት ስለሆነ ዛፍ መጣል የዕለት ሥራው ነው። ብቻችሁን ሄዳችሁ «አሠልጥኑኝ» ከማለት አምስት ስድስት ሆናችሁ፣ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ደብዳቤ ይዛችሁ፣ «ቆረጣ በሚኖርበት ጊዜ ለሁለት ቀን ልምድ ካለው ባለሙያ ጎን እንቁም» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ትንሽና ግልጽ ይሆናል። ትንሽ ጥያቄ «እሺ» የመባል ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሁለተኛ፣ ወንዶ ገነት። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመ ነው። የሀገሪቱ የደን ባለሙያዎች ብዙዎቹ ያለፉበት ቤት ነው። ከሮቤ በዶዶላ በኩል ሻሸመኔ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ትቀርቡታላችሁ። ሁላችሁ መሄድ ባትችሉ ከዚያ የወጣ የደን ባለሙያ ወረዳችሁ ግብርና ወይም አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የሥራ ዕድል ፈጠራ ቢሮ። እነዚህ ተደራጅተው ለመጡ ወጣቶች አጫጭር ሥልጠና የማዘጋጀት ልምድ አላቸው። ብየዳና ልብስ ስፌት የሚሰጠው ሰው ስለጠየቀ ነው። ቼንሶንም የሚጠይቅ ከመጣ ቢያንስ የሞተሩን ክፍል፣ ማለትም ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ የዘይት ድብልቅ፣ አሞራረድ፣ የአውቶ መካኒክ መምህር ሊያሳያችሁ ይችላል።

አራተኛ፣ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ማኅበራት። በዶሎ መና፣ በሐረና ቡሉቅና በመዳ ወላቡ በኩል ላላችሁ ይህ ሊቀርባችሁ ይችላል። ከብድሬ ሮቤ ድረስ መመላለስ ቀላል አይደለም፤ ከጎባ ዶሎ መና ያለው መንገድ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እናንተ ወደ አሠልጣኙ ከምትሄዱ አንድ አሠልጣኝ ወደ እናንተ ቢመጣ ይረክሳል። አበሉንና ትራንስፖርቱን ስድስት ቦታ ስትካፈሉት የአንድ ሰው ድርሻ የጥቂት ቀን የማሽን ኪራይ ቢሆን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሥልጠናው ቆራጮቹ በሚሰሙት ቋንቋ ይሁን። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው መመሪያ እንግሊዝኛ ወይም ቻይንኛ ነው። ባሌ ውስጥ ቼንሶ የሚይዘው አብዛኛው ልጅ የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ነው። «ሩጥ» እና «ቁም» የሚለው ቃል በአደጋ ጊዜ ትርጉም አይጠብቅም።

አሠልጣኙን ፈትኑት

ሃያ ዓመት የቆረጠ ሁሉ አስተማሪ አይሆንም። ሃያ ዓመት በዕድል የተረፈም አለ። ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

– መጀመሪያ የሚያስነሳው ሞተሩን ነው ወይስ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ክፍሎቹን ያሳያችኋል? ጥሩ አስተማሪ የመጀመሪያውን ሰዓት በጠፋ ማሽን ያሳልፋል።

– ማሽኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ረግጦ ይዞ ነው የሚያስነሳው ወይስ አየር ላይ?

– እሱ ራሱ ሄልሜት፣ የፊት መከለያ፣ የጆሮ መሸፈኛ፣ ቡትስ አድርጓል?

– ዛፍ ከመንካቱ በፊት ዙሪያውን ይዞራል? ወደ ላይ ያያል? የደረቀ ቅርንጫፍ፣ የመብራት ሽቦ፣ ነፋስ ያጣራል?

– አንድ ማሽን ለስንት ሰው ነው? ሃያ ሰው ቆሞ አንዱ ሲቆርጥ ማየት ሥልጠና አይባልም። ማሽኑ እጃችሁ ገብቶ፣ ተሳስታችሁ፣ «ተው፣ እንደገና» ልትባሉ ይገባል።

ቅደም ተከተሉም መሰላል ነው። መጀመሪያ ሞረድና ሰንሰለት መወጠር፣ ከዚያ መሬት ላይ የተኛ ግንድ መቆራረጥ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ መመልመል፣ በመጨረሻ ቀጥ ያለ ቀጭን ዛፍ መጣል። ያዘነበለና የተሰቀለ ዛፍ ለጀማሪ አይሰጥም። በመጀመሪያው ቀን ዛፍ የሚያስጥላችሁ ሰው ሊያስደምማችሁ ነው የፈለገው።

እስከዚያው

ሥልጠና እስኪገኝ ሥራ አይቆምም፤ አውቃለሁ። ቢያንስ እነዚህን ያዙ። ሁለት እጅ ሁልጊዜ፣ የግራ አውራ ጣት መያዣውን ዙሪያውን ጨብጦ። ከትከሻ በላይ አትቁረጡ። መሰላል ላይ በጭራሽ። ከምትቆርጡት ዛፍ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ ሌላ ሰው አይኑር፤ ዛፉ 15 ሜትር ከሆነ 30 ሜትር ማለት ነው። የምትሸሹበትን መንገድ ከመቁረጣችሁ በፊት ጥረጉ፤ ከዛፉ ወደ ኋላ በሰያፍ እንጂ ቀጥታ ወደ ኋላ አይደለም። ብቻችሁን አትሥሩ። ጫት፣ አረቄ፣ ድካም ካለ ማሽኑ ይረፍ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ሄልሜትና ቡትስ ሮቤ ገበያ ላይ ብትፈልጉ አታጡም። የሚያስቸግረው ሱሪው ነው። ትክክለኛው የቼንሶ ሱሪ ውስጡ ረጃጅም ክሮች አሉት፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሮቹ ተጎትተው ማሽኑን ያንቁታል። ወፍራም ጂንስ ይህን አያደርግም፣ አትሸወዱ። በቡድን ሆናችሁ ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ አንድ ሱሪ ለአንድ ማሽን ይብቃ፣ የያዘው ይልበሰው።

ደም ከፈሰሰ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በሙሉ ኃይል ተጫኑ፣ አትልቀቁ። እጅ ወይም እግር ሆኖ ደሙ እምቢ ካለ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅና በእንጨት አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሰዓቱን ጻፉ፤ ሐኪም ጋ ሳይደርስ አትፍቱት። ቡና ወይም አፈር አትነስንሱበት። የወረዳችሁን አምቡላንስ ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከጫካ እስከ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ያለውን መንገድ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

ያን ልጅ በቀደም መልሼ አገኘሁት። «የሁለት ቀን ሥልጠና ቢኖር ትከፍላለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሑድ ከሆነ እመጣለሁ» አለኝ። «እሑድ ሥራ የለም፣ ማሽኑ ቤት ነው የሚውለው። ሰውዬውም ያለ ኪራይ ይሰጠናል፤ ማሽኑ ባይሰበርበት እሱስ መች ይጠላል?»

ይህ እኔ ያላሰብኩት ሒሳብ ነበር። ማሽን አለ፣ እሑድ አለ፣ ፈቃደኛ ልጅ አለ። አሁን የሚቀረው አንድ አሠልጣኝ ማንኳኳት ነው። ሮቤ፣ ጎባ ወይም ብድሬ ያላችሁ፣ አምስት ሁኑና ሰኞ ጠዋት ከአንዱ ቢሮ ጀምሩ።